በሁዳዴ የነጠረ ቅቤ

ቅቤ ማንጠር እችላለሁ። ይህን ስል ትሕትና የሚባለውን ነገር ወደ ጎን ትቼ ነው። ከሮቢት እስከ ዋጃ ያለች ባለሙያ ሁሉ ትሰለፍ፤ ዘንድሮ ያነጠርኩትን በዓመቱ ከፍታ ብትቀምሰው እንከን አታገኝበትም። ጥላ ሥር ተቀምጦ እንኳ ላብ በሚጠረግበት በቆቦ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግን እንዲህ አፌን ሞልቼ ለመናገር ከመብቃቴ በፊት፣ በዚሁ በቅቤ ስድስት ዓመት ተሰድቤያለሁ።

ነገሩ የጀመረው በሰርጌ ነው፤ በትክክል ለመናገር በመልሴ ቀን። እናቴ የምትኖረው ከኛ በላይ፣ በላስታ በኩል ባለው ደጋ ነበር። አባታችን ሞቶ ሁለት ላምና ሁለት ሴት ልጅ ነው የቀራት። መልሱ ቆቦ አጎቴ ቤት ስለሚደገስ፣ እዚያው ደጋ አንጥራ የጨረሰችውን ቅቤ ለአንድ አህያ ነጂ አስረክባ አስቀድማ ላከችው፤ ሁለት ወር ያህልም ቆቦ ተቀመጠ። በቀኑ ወጡ ሲቀርብ ዳሱ ውስጥ አንድ ሽታ ገባ። አማቴ፣ የባሌ እናት፣ አንድ ጉርሻ ቀመሱና እጃቸውን ሰበሰቡ። «ምነው፣ ቅቤው ከርፏል እኮ!» አሉ። ቀስ ብለው ነው ያሉት፤ የሰማው ግን ዳሱ ሁሉ ነው።

ከዚያ ወዲያ ጎመን ብቀቅል፣ ሽሮ ብሠራ፣ «እንደ መልስሽ ቅቤ እንዳይሆን ብቻ!» ይሉኛል። እንግዳ ሲመጣ ያችኑ ታሪክ ያወሩለታል፤ እንግዳው ይስቃል፣ እኔም ጥርሴን ነክሼ አብሬ እስቃለሁ። እናቴ ጥፋቱን በአህያ ነጂው አሳበበች፤ ጭነቱን ፀሐይ ላይ ገትሮ ሲጫወት ውሎ ነው አለች። እናቴ በሙያ ስሟ የተጠራ ሴት ስለሆነች አመንኳት። ያንን ምስኪን ሰውዬ ስድስት ዓመት ሙሉ ጧትና ማታ ረገምኩት።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳዎቹ መጀመሪያ ታናሽ እህቴ ለአንድ የዋጃ ሰው ታጨች። ሰርጉ ለግንቦት ተቆረጠ፣ መልሱ ደግሞ እኔ ቤት እንዲሆን ተስማማን። እህቴ እጄን ይዛ፣ «እኔስ እንዳንቺ አልችልም፤ አንድ ቀን እንዲህ ብለው ቢሰድቡኝ ጥዬ ነው የምመጣው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ቁጣ ቢሆን ትችላለች፣ የምትፈራው መሳለቂያ መሆንን ነው። «እኔ እያለሁ አይሆንም» ብዬ ቃል ገባሁላት፤ እንዴት እንደማደርገው ግን አላውቅም ነበር።

እናቴ ከመስከረም ጀምራ ያጠራቀመችውን ቅቤ ይዛ በሁዳዴ አጋማሽ ወረደች። «ከእንግዲህ አህያ ነጂ አላምንም፤ እዚሁ ቆቦ በእጄ አነጥረዋለሁ» አለች። ቅቤው ሦስት ገንቦ የሚሞላ ነበር። ላሞቹ ነጥፈዋል፣ ሌላ ቅቤ የለም። ይኼ ከተበላሸ እህቴ በባዶ ወጥ ልትዳር ነው።

ቅመም የምገዛው ከግድግዳ ጎረቤቴ ነው። በቆቦ ገበያ ቅመም የምትሸጥ፣ ከኔ በሃያ ዓመት የምትበልጥ ሙስሊም ሴት ናት፤ እትዬ ነው የምላት። ኮሰረቱን፣ ኮረሪማውን፣ አብሹንና እርዱን በሰፌድ ይዛ መጣችና እናቴን፣ «እቴ፣ እንዴት አድርገሽ ነው የምታነጥሪው?» ብላ ጠየቀቻት። እናቴም ደስ ብሏት አስረዳች። ቅቤው ይቀልጣል፣ አረፋው ይገፈፋል፣ ቶሎ ይወርዳል፤ ቅመሙ ከወረደ በኋላ ከላይ ይበተንበታል።

«ከወረደ በኋላ?» አለች እትዬ።

«እሳት ላይ ከቆየማ ሽታው ይጠፋል!»

«ለመሆኑ ቅመሙ ለምን የሚገባ ይመስልሻል?»

«ለሽታ ነዋ! ለሌላ ለምን ይሆናል?»

እትዬ ሰፌዱን መሬት አስቀመጠች። «እናንተ ደጋ፣ ብርዱ ራሱ ቅቤውን ይጠብቅላችኋል፤ ለሽታ ይሁን። እዚህ ግን የኮሰረቱ ቅጠል ዘበኛ ነው። ዘበኛው የሚነቃው በእሳት ነው። ሳትቀሰቅሺው ታወርጂና ሌባ ገባ ትያለሽ?»

እናቴ ቱግ አለች። «በቅቤ እኔን ልታስተምሪኝ? ላም ሥር ያደግሁትን?» ብላ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ወረወረች። እኔ ግን በሐሳቤ የመጣብኝ ያ አህያ ነጂ ነው። ስድስት ዓመት የረገምኩት ሰው ምንም ያላጠፋ ቢሆንስ?

የቅመሙ ጉልበት ቅቤው ውስጥ መግባት አለመግባቱን ቀምሶ መለየት ነበር የሚሻለው። ግን ያን ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ገጥመው ነበር። እናቴና እኔ ቅቤ በአፋችን አይዞርም፤ እትዬ ደግሞ እንኳን ቅቤ ምራቋንም አትውጥም። ሦስት ሴቶች ድስት ከበን ተፋጠጥን፣ የሚቀምስ ጠፋ። በኋላ ትዕግሥቴ አለቀና ፈረድኩ። «ቤቱም የኔ ነው፣ ድስቱም የኔ ነው! እማ፣ አንዱን ገንቦ እንደ ልማድሽ አንጥሪው። ሁለቱ በእትዬ መንገድ ይነጠራሉ» አልኩ። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። «የወለድኩት ልጅ ደግሞ!» አለች። አሳዘነችኝ። ፍርዴን ግን አልለወጥኩም።

እናቴ የሷን ረፋድ ላይ ጨረሰች። ቤቱን ሽታው አወደው፤ እውነት ለመናገር ደስ የሚል ሽታ ነው። እኛ ገና መጀመራችን ነበር። እትዬ ግራር እንጨቱን ጎትታ አውጥታ ፍም ብቻ አስቀረች። ኮሰረቱ የደረቀው በጥላ ነው ብላ አስቀድማ ምላልኛለች፤ ፀሐይ የመታው ቅጠል ጉልበቱን እዚያው ፀሐይዋ ላይ ትቶት ይመጣል ትላለች። ኮረሪማው ተፈልፍሎ ሸክሸክ ተደርጎ ተወቅጧል፣ አብሹ ታምሷል። ሁሉንም ከቅቤው ጋር አብራ ጣደችው። ቅቤው ይንጨረጨራል፣ አረፋው ይነሳል፣ እሷ በእንጨት ማማሰያ ቀስ እያለች ታዞራለች።

ከብዙ ቆይታ በኋላ አንድ ቅጠል በማንኪያ አወጣች፣ መዳፏ ላይ አቀዘቀዘችው፣ በጣቷ ፈረከሰችውና ወደ አፍንጫዬ አስጠጋችው።

«ምን ምን ይልሻል?»

«ኮሰረት።»

«እንግዲያው ገና ነው። ጉልበቱ ቅጠሉ ውስጥ ነው ያለው።»

ሁለተኛም አወጣች፤ አሁንም ኮሰረት ኮሰረት ይላል። ወገቤ ተቆረጠ፣ ጭሱ ዓይኔን አቃጠለኝ። እናቴ ከበሩ ሥር ተቀምጣ፣ «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ቅቤ ነው ወይስ ባቄላ የምትቀቅሉት?» ትላለች። እትዬ ዞር ሳትል፣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለች። ሳቄ አመለጠኝ፣ እናቴ ደግሞ ገላመጠችኝ።

ፀሐይ ወደ ላስታ ተራራ ስታዘነብል መንጨርጨሩ ጸጥ አለ። ቅቤው ጠርቶ የድስቱ ቂጥ ይታያል። ቅጠሉ ጣት ውስጥ ከሽ ብሎ ደቀቀ፤ ባሸተው፣ ባሸተው፣ ምንም የለውም፤ የጤፍ ገለባ ነው። «አልሐምዱሊላህ!» አለች እትዬ። «ከቅጠሉ የወጣው ሁሉ አሁን ቅቤው ውስጥ ነው። ሳትቀምሺ ማወቅ ማለት ይኼ ነው። አብሽሪ!» አጥልለን በገንቦ ጨመርነው፣ አፉን በጨርቅ አስረን በጭቃ መረግነው። ወዲያው አዛን ተሰማ፤ እሷም ቀኑን ሙሉ በባዶ ሆዷ ከቆመችበት እሳት ተነስታ ልታፈጥር ሄደች።

ብዙ ዓመት ቆይቶ ልጄ ስለ ምግብ ከፍ ያለ ትምህርት ተምራ መጣችና አንድ ፖም ለሁለት ሰንጥቃ አስቀመጠችልኝ። ግማሹን ሎሚ ቀባችው፣ ግማሹን ተወችው። ያልተቀባው ጠቆረ። «አየሽ እማዬ፣ አየሩ ነው የሚያበላሸው። አንዳንድ ተክል ውስጥ ይህን የሚከላከል ነገር አለ። ፖሙም ራሱ በልጣጩ አለው፤ እኛ የምንማረው ያንን ከተክሉ እንዴት አድርገን እንደምናወጣው ነው» አለችኝ። «ለዚህ ነው እንዲህ ዓይንሽ እስኪጠፋ የተማርሽው? እኔ በአንድ ቀን በአፍንጫዬ ነው የተማርኩት!» አልኳት። ሳቀች፤ ግን ከዚያ ቁጭ ብላ ስለ ኮሰረቱ አንድ በአንድ ጠየቀችኝ፣ በደብተርም ጻፈችው። ደስ አለኝ፣ አልደብቅም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። እናቴ አኩርፋ ወደ ደጋዋ ወጣች። ፋሲካ መጣ። እጄን በላኝ፤ አንዱን ገንቦ ልክፈተው ስል እትዬ፣ «ወላሂ ብትከፍቺው አላናግርሽም! ለፋሲካሽ ከገበያ ግዢ» ብላ ከለከለችኝ። ሚያዝያ ነደደ። በየጧቱ በገንቦዎቹ ዙሪያ እንደ ድመት አሸታለሁ፤ ከጭቃ ሽታ በቀር የማገኘው የለም።

በግንቦት፣ የመልሱ ዋዜማ፣ እናቴ መጣች። በጧት የሷን ገንቦ ራሷ ከፈተች። ጨርቁ ገና ሳይነሳ ያ የመልሴ ቀን ሽታ ጓዳውን ሞላው። እኔ ለዚህ ሰዓት የተዘጋጀ ንግግር ነበረኝ፤ ስንት ሌሊት የጠነሰስኩት። እናቴ ግን ወደኛ ገንቦ ሄደች፣ ጭቃውን በጣቷ ፈለጠች፣ ጨርቁን ፈታች፣ ጫፉን ቀመሰች። ትናንት የነጠረ ይመስላል። ደጋግማ ቀመሰችና መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ያን ጊዜም እኔ ነኝ፣ አይደል?» አለችኝ።

አጠገቧ ቁጭ አልኩ። «ሙቀቱ ነው፣ እማ። አህያ ነጂው...»

«አትዋሺኝ።»

ሁለቱ ገንቦ ለድግሱ በቃ፤ ጠብሰቅ ያለ ባይሆንም በቃ። በወሎ ወግ ለሙስሊሞቹ በራሳቸው ሰው የታረደ በግ፣ ለብቻው ድስት ተጥዶ ነበር። ከቅቤው የመጀመሪያውን ጭልፋ እዚያ ድስት ውስጥ ጨመርኩ። እትዬ በልታ ጣቷን ላሰችና ጠቀሰችኝ።

የዋጃ አማቾች ወጡን ሲያመሰግኑ እናቴ ከጓዳ ወጣች። ሰው ፊት ተናግራ አታውቅም። ዳሱ መካከል ቆመች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ ፊቷንም ከዘመድ ጋር ወደተቀመጡት ወደ አማቴ አዞረች።

«እመቤቴ፣ የዛሬ ስድስት ዓመት የበሉትን ቅቤ ያነጠርኩት እኔ ነኝ። ልጄ በእጇም አልነካችውም። እኔ ባጠፋሁት ስትሰደብ ኖረች፤ እኔ ደግሞ በሰው ሳሳብብ ኖርኩ። ዛሬ የበላችሁት የሷ ነው። እባክዎ፣ ያንን ነገር ከእንግዲህ ከልጄ ላይ ያንሱልኝ» አለች።

አማቴ ከመደባቸው ተነስተው ጉልበቷን ሊስሙ ጎንበስ አሉ፣ እናቴም ቀድማ ጎንበስ አለች፣ ሁለቱ አሮጊቶች ትከሻ ለትከሻ ተያያዙ። ሲለያዩ አማቴ ወደኔ ዞረው ሳህናቸውን ዘረጉና፣ «ልጄ፣ እስቲ ድገሚኝ» አሉኝ። ልጄ ብለውኝ አያውቁም ነበር። ወጡን ጨመርኩላቸውና ጓዳ ገብቼ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።