ገለልተኛዋ መስኮት

የእስር ቤቱ በር ሲከፈት ቀድሞ የተቀበለኝ ሙቀቱ ነው። የአሰብን ፀሐይ የማላውቅ ሰው አልነበርኩም፤ ይሄኛው ግን የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተጠራቅሞ የቆየ፣ የሰው ላብና የድሮ ጨው የሚሸት ሙቀት ነበር። ክፍሉ ቀድሞ የጨው መጋዘን ነው። በባሕሩ በኩል አንዲት ትንሽ መስኮት አለችው፤ ነፋስ የሚባል ነገር የሚገባው በእሷ ብቻ ነው።

በመስኮቷ ሥር የተኙት ቀድመውን የታሰሩት፣ የተቀናቃኛችን ድርጅት ልጆች ናቸው። ውጭ በጥይት ስንፈላለግ ኖረን ደርግ አንድ ክፍል ውስጥ ከተተን። ሰላምታ እንኳ አንለዋወጥም። ከወደብ መሥሪያ ቤት አብሮኝ የተያዘው ጓደኛዬ ደግሞ አስም አለበት። ሙቀቱ ሲበረታ ደረቱ እንደ ወናፍ ያፏጫል። ቦታ ልቀቁልን ብለን እነሱን መለመን? ሞት ይሻለናል አልን። እውነቱን ለመናገር የሚሞተው እሱ ነበር።

የሚያገናኘን አንድ የጦርነት ጨዋታ ብቻ ነው። አለቃቸው፣ ረጅሙ የጂኦግራፊ መምህር፣ በከሰል የአውሮፓን ካርታ ሲሚንቶው ላይ ስሎ ነበር። የእነሱ ጦር ጠጠር፣ የእኛ ቆርኪ። የገለልተኞቹ አገሮች ጦር የተምር ፍሬ ሲሆን፣ እሱን የሚይዙት ከወሎ መጥተው አሰብ ሱቅ የከፈቱ ሐጂ ናቸው። ከሁለታችንም አይደሉም፤ ለምን እንደታሰሩ እሳቸውም አያውቁም። ሁለታችንም የምናምነው እሳቸውን ብቻ ነው።

አንድ ቀን ጓደኛዬ ከንፈሩ ጠቆረ። አላስችል ቢለኝ ረጅሙን፣ "መስኮቷን አስይዘን እንጫወት" አልኩት። "ያሸነፈ ሳምንት ሥሯ ይተኛ።"

"ይሁን" አለ።

ጨዋታውን ያውቅበታል። ከሰዓት በኋላ ላይ ቆርኪዎቼ ሊያልቁ ተቃርበው ነበር። ሊጨርሰኝ ቸኮለና አቋራጭ መንገድ መረጠ፤ ጠጠሮቹን በገለልተኛዋ ቤልጅግ በኩል ነዳቸው።

ሐጂ ቀና አሉ። "ልጄ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"አላፊ ነኝ ሐጂ። ልቀመጥ አልመጣሁም።"

"በሰው ደጅ ጦር ይዞ ማለፍ አለ እንዴ?"

"ጨዋታ እኮ ነው።"

"እኔስ ከጨዋታው ውጪ ነኝ?" አሉና የቤልጅግን ፍሬዎች አንስተው እኔ ዘንድ አስቀመጡ። ቀጥለው የሆላንድን፣ የስዊድንን፣ የስዊዝን ጨመሩልኝ።

ረጅሙ ደነገጠ። "እነዚህን ማን ነካቸው?"

"ማንም። ግን ዓይን አላቸው፤ አይተዋል። ነግ በኔ አይሉም ብለህ ነው?"

ልጆቹ ተንጫጩ። ረጅሙ እጁን አንስቶ ዝም አሰኛቸው፤ ካርታውን ብዙ አየው። ዙሪያውን በተምር ፍሬ ተከቦ ነበር። "ልክ ናቸው። ተሸንፌያለሁ" አለ። የራሱን ሰሌን ጠቀለለ፤ ጓደኛዬንም ደግፎ ወደ መስኮቷ ወሰደው። ያን ቀን ማታ ፉጨቱ ጋብ ሲል እፎይ ብዬ እንደ ሕፃን ተኛሁ።

ሳምንቱ አለቀ። ቃል ቃል ነውና ሰሌናችንን መጠቅለል ጀመርን። ረጅሙ ከሰሉን ይዞ መጣ፤ ከመስኮቷ ሥር ተንበርክኮ በጓደኛዬ መኝታ ዙሪያ መስመር አሰመረ።

"ይቺ ገለልተኛ ናት" አለ። "ከእኛም ከእናንተም፣ የታመመ ብቻ ይተኛባታል። ሐጂ፣ ይጠብቁልን።"

ሐጂ ከኪሳቸው አንዲት የተምር ፍሬ አውጥተው መስመሩ ውስጥ አኖሩ። እስክንፈታ ድረስ መስመሯን በጦር ያለፈ የለም። ከሰሉ በደበዘዘ ቁጥር አንዴ እነሱ፣ አንዴ እኛ እናደምቀው ነበር።

ዛሬ ስለዚያ ጊዜ ሲጠይቁኝ ስለ ግርፋቱ እንድነግራቸው ይጠብቃሉ። እኔ የማነሳው ይችን መስመር ነው። ጓደኛዬ አርጅቷል፤ አልፎ አልፎ ይደውልልኛል። ወሬ ሲያልቅብን ስልኩን አልዘጋም፤ ዝም ብዬ ትንፋሹን አዳምጣለሁ። ይገባል፣ ይወጣል። ተመስገን።