የሐዋ ሦስት ፅንሶች፦ ከሸማ ተራ እስከ በርበሬ በረንዳ

ንጋት፣ ኮልፌ

ገና ሳይነጋ ወጣሁ። ሚኒባሱ ውስጥ የማላውቀው ሰው ጆንያ ጭኔ ላይ ተቀምጧል። ረዳቱ ግን "መርካቶ! አንድ ሰው የቀረው!" ይላል። መንገዱ አጭር ነው፤ ጉዳዩ ነው የረዘመብኝ። እህቴ ሐዋ በሕክምና እርዳታ፣ ከማህፀን ውጭ በተዘጋጀ ፅንስ፣ ልጅ ወልዳለች። ያኔ የተረፉ ሦስት ፅንሶች ክሊኒኩ ውስጥ በቅዝቃዜ ተቀምጠዋል። ዛሬ ከእሷና ከባሏ ከጀማል መልስ ይጠበቃል፦ ይቆዩ፣ ይወገዱ ወይስ ለምርምር ይሰጡ?

ጠዋት፣ ሸማ ተራ

ሐዋ ልጇን አዝላ ጋቢ ታጣጥፋለች።

"ጀማልን ሄደሽ ጠይቂልኝ። እሱ ያለው ይሁን።"

"አንቺስ?"

ያጠፈችውን ፈታ እንደገና አጠፈችው። "አሳድገው ለሌላ ሰው ቢሰጧቸውስ? አንድ ቀን የገዛ ልጄ ኬሻ ተሸክሞ 'ዞር በይ' ብሎኝ ቢያልፍስ?"

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ረፋድ፣ በርበሬ በረንዳ

ገና ከሩቁ አስነጠሰኝ። ቀይ ክምር፣ ቀይ አቧራ። ጀማል ሱቁ በር ላይ በርበሬ ይቀነጥሳል። ትኩስ ፓስቲ ሰጠሁት።

"እሷ ምን አለች?"

"እሱ ያለው ይሁን።"

"እኔም እሷ ያለችው ይሁን ነው የምለው።"

"ጋሼ ጀማል፣ እኔ ኳስ ነኝ እንዴ?"

ሳቀና ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። እዚህ ሰፈር በርበሬው ሁሉንም ሰው ያስለቅሳል፤ የምሩን የሚያለቅሰው አይለይም።

"ከሚደፉ ይማሩባቸው ባይ ነኝ። ሰው ባይማር የኛ ልጅ ከየት ይመጣ ነበር? ግን ለእሷ እንዴት ብዬ ልንገራት?"

"እኔ አልነግርም! ይነሱ፣ አብረን እንሂድ።"

ከሰዓት፣ ክሊኒክ

ሐዋን ከሸማ ተራ ይዘን ሄድን። ሐኪሟ እንዲህ አለች፦ "ለምርምር የተሰጠ ፅንስ ማንም ማህፀን ውስጥ አይገባም። ከሁለት ሳምንት በላይም አያሳድጉትም። ብዙ አገር የተለመደው ወሰን ይሄ ነው።"

"ወሰኑን የሚጠብቀው ማነው?" አለች ሐዋ።

"የእኛ ሕግ በዚህ ላይ ምን እንደሚል እኔም አጣርቼ አልጨረስኩም።"

"ታዲያ ሳያጣሩ ለምን ይጠይቃሉ?" አልኩ። ሐዋ በክርኗ ጎሸመችኝ።

ጀማል ሐሳቡን እዚያው ነገራት፤ ፊት ለፊት ሲነግራት መጀመሪያው ነው። "መማራቸውን አልጠላሁም" አለች፤ "ጠባቂውን እስካውቀው ግን ይቆዩ።"

"ይቆዩ" አለ እሱም።

ማምሻ፣ መርካቶ

ማን ልክ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ሦስታችን ተያይዘን በሰው መሃል ስንጋፋ፣ ኬሻ የተሸከመ ወጣት "ዞር በይ!" ብሎ ገፍቶኝ አለፈ። ሌላ ቀን ቢሆን እሰድበው ነበር። ዞሬ ፊቱን አየሁት። ሐዋም እያየችው ነበር።