ከጎኔ ከተቀመጠችው ሴት የገለበጥኩት ዕቅድ

ቅናት የሚባል ነገር በአጠገቤ አልፎ አያውቅም የሚል ሰው አላምንም። እኔ ቀናተኛ ነኝ። ጌታን ከተቀበልኩ አሥራ አራት ዓመቴ ነው፤ መዋሸት ቀንሻለሁ፣ ቁጣዬም በርዷል፤ ቅናቴ ግን ልቀቅ ሲሉት እንደማይለቅ ተከራይ ቤቴን ይዞ ተቀምጧል። ስለዚህ የዚህችን ሴት ታሪክ ከቀናተኛ አፍ እንደምትሰሙ ቀድማችሁ እወቁት።

መጋረጃ ስፌት ቤታችን ውስጥ ዘጠኝ ሴቶች ነን። የስፌት መኪኖቻችን በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል፤ የእሷ ከእኔ ቀጥሎ ነው፣ ክርናችን ሊነካካ ትንሽ ነው የቀረው። ሞተር እንላታለን። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ለስድብ ብዬ ያወጣሁት ስም ለሙገሳ ሆኖ ቀረላት፤ ከዕድሌ ነው።

ከስምንት ዓመት በፊት የራሷን መቀስ በጨርቅ ጠቅልላ ይዛ መጣች። አሠሪያችን ለሙከራ ባለሦስት ሜትር የሆቴል መጋረጃ ሰጣት፤ ከላይ ሽንሽን፣ ከታች ሰፊ እጥፋት። ጠመኔ አልጠየቀችም። ጨርቁን በጣቷ ቆንጠጥ ቆንጠጥ እያደረገች ሸነሸነችው፣ እጥፋቱን በአውራ ጣቷ ተጭና መርፌው ስር ሰደደችው። ስትጨርስ አሠሪያችን ሜትሩን አውጥቶ ለካው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል። እኔ በዚያው ቀን ያንኑ ዓይነት መጋረጃ ሁለት ጊዜ ሰፍቼ ሁለት ጊዜ ፈትቼ ነበር። ምን እንዳደረገችኝ ሳላውቅ በሆዴ እግዚአብሔር ይይልሽ አልኳት።

ከዚያ ወዲህ የእሷን ነገር ስቆጥር ነው የኖርኩት። ሁለት ታናናሽ ወንድሞቿን አሳድጋ አስተምራለች፤ አንዱ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ ሌላው አስተማሪ። ከሥራ በኋላ እየተማረች ዲፕሎማ ይዛለች። መኪና መንዳት ለምዳለች፣ መኪና ሳይኖራት! ምሳዋን ቆማ ነው የምትበላው። እኛ ሻይ ስንጠጣ እሷ የስፌት መኪናዋን ዘይት ትቀባለች። ስለ ወንድሞቿ አንዳንዴ ታወራለች፤ እናቷን ግን አንድም ቀን አንስታ ስለማታውቅ ሞታባት ይሆናል ብዬ አልጠየቅኳትም። ጥፍሯ እንኳ ንጹሕ ነው። በዚያ ሁሉ የክር ብናኝ መሃል ጥፍር እንዴት ንጹሕ ይሆናል?

ይባስ ብሎ የምንጸልየውም አንድ ኅብረት ውስጥ ነው። የጋበዝኳት ራሴ ነኝ። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ነፍሷ አሳዝናኝ አልነበረም፤ እዚያ እንኳ እበልጣታለሁ ብዬ ነው።

ኅብረታችን አንድ ደንብ አለው። በዓመቱ የመጀመሪያ እሑድ እያንዳንዳችን ካርድ ላይ ሦስት ዕቅድ ጽፈን፣ ስማችንን አስፍረን፣ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ እንጨምራለን። ሽማግሌያችን ቆርቆሮውን ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆልፍበታል። በዓመቱ የመጨረሻ እሑድ ካርዶቹ እየወጡ ጮክ ተብለው ይነበባሉ። ሦስቱም የተፈጸሙለት ሰው ተነስቶ ይመሰክራል፣ እልል ይባልለታል። ያልተፈጸመለት ቁጭ እንዳለ “ጌታ ያውቃል” ይላል። በእኛ ኅብረት “ጌታ ያውቃል” ማለት “አልሆነም” ማለት እንደሆነ ሕፃን ልጅ ያውቃል።

“ጊዜያችሁ የእናንተ አይደለም፤ ባለቤቱ ምን ሠራችሁበት ብሎ ይጠይቃችኋል” ይለናል ሽማግሌው በየዓመቱ። ሰባት ዓመት ተጠየቅኩ፣ ሰባት ዓመት ጌታ ያውቃል አልኩ። ሞተር ሰባቱንም ጊዜ ተነሳች። አንድ ቀን፣ አንዴ ብቻ፣ እኔ ቆሜ እሷ ተቀምጣ ማየት ፈለግኩ። ከዚያ በኋላ የመጣው ይምጣ።

በስምንተኛው ዓመት አንድ ሐሳብ መጣልኝ። እሷ የምታቅደው ይፈጸማል፣ እኔ የማቅደው አይፈጸምም። እንግዲያው ጥፋቱ ከዕቅዱ ነው፤ የእሷን ዕቅድ ባቅድስ?

ሽማግሌው “ካርዳችሁን ጉልበታችሁ ላይ አድርጋችሁ ጸልዩበት” አለን። ሞተር ካርዷን ዘርግታ ዓይኗን ጨፈነች። እሷ ስትጸልይ የምሯን ነው፤ ጣሪያው ቢወድቅ አትገልጥም። ያ ሁሉ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ አምላኩን ሲለምን እኔ አንገቴን አስግጌ መገልበጥ ጀመርኩ። ፊደል በፊደል፣ ምን እንደሚል እንኳ ሳላስተውል። “አሜን” ሲባል ጨረስኩ። ቆርቆሮው መጣ፣ ካርዴን ጨመርኩ፣ ክዳኑ ተዘጋ።

የጻፍኩት ነገር የገባኝ ያኔ ነው። አንደኛ፣ በየቀኑ ከሥራ በፊት አንድ ሰዓት መጸለይ። ደህና። ሁለተኛ፣ በሥራ ቦታ ሰው አለማማት። እሷ መች አምታ ታውቃለችና ነው? ሦስተኛ፣ እናቴን ይቅር ማለት።

እናቴን? እናቴ ደግሞ ምን አደረገችኝ?

ሽማግሌውን ተከትዬ ሮጥኩ። “ካርዴን ትንሽ ላስተካክል” አልኩት።

“እህቴ፣ ለጌታ የሰጡትን መልሶ መቀበል የለም” አለኝና ቁልፉን ኪሱ ከተተው።

የቀረኝ መፈጸም ብቻ ነበር። በጠዋት እየተነሳሁ መንበርከክ ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እንደ ተንበረከክኩ አንቀላፋሁ፤ ስነቃ የምንጣፉ ስፌት ግንባሬ ላይ ታትሞ አገኘው ነበር። ሰው እንዲወድቅ መጸለይ ነውር ስለሆነ፣ እኔ እንድነሳ ጸለይኩ። ሐሜቱ ይብሳል። ለካ የማማው እሷን ብቻ ኖሯል! እሷን ስተው የማወራው ጠፋኝ። ሁለት ሳምንት ዝም ብዬ ስሰፋ አሠሪያችን አጠገቤ መጥቶ “አሞሻል እንዴ?” አለኝ።

በዚያ ዓመት ሞተርም እንደ ወትሮዋ አልነበረችም። ሦስት ቅዳሜ ግማሽ ቀን አስፈቅዳ፣ ጥሩ ጫማዋን አድርጋ ወደ አውቶቡስ ጣቢያ ስትሄድ አይቻታለሁ። ሰኞ ስትመጣ ዓይኗ አብጦ ነበር። ከእነዚያ ሰኞዎች በአንዱ ባለ አበባ ጨርቅ ገልብጣ ሰፋች፤ መጋረጃው ሲሰቀል አበቦቹ በሙሉ ወደ መሬት ተዘቅዝቀው ቁጭ አሉ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ለማንም መናገር አለመቻሌ ግን ሊገድለኝ ነበር።

ዓመቱ ሊያልቅ አንድ ወር ሲቀረው የቀረችኝ ሦስተኛዋ ብቻ ሆነች። እናቴ ከወንድሜ ጋር ነው የምትኖረው፤ ከቤቴ ሁለት አውቶቡስ ነው። ከሄድኩ ስምንት ወር አልፎኝ ነበር። በስልክ “ሥራ በዝቶብኝ ነው” እላታለሁ፣ እሷም “አይዞሽ፣ በርቺ” ትለኛለች።

ድንች ስትልጥ ደረስኩ። ቢላዋውን ጥላ ተነሳች፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ አገላብጣ ሳመችኝ።

“ምነው በደህና? ሰው ሞተ?”

“ማንም አልሞተም። እማዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በልጅነቴ በድለሽኝ ታውቂያለሽ?”

“እኔ?”

“አዎ። ተደብቆ የቀረ ነገር ካለ።”

“ማነው ይሄን የነገረሽ? ወንድምሽ ነው?”

“ኧረ ማንም አልነገረኝም። ለጸሎት ነው።”

እናቴ ለጸሎት ነው ከተባለች ኩላሊቷን አውጥታ ትሰጣለች። ተቀመጠችና ግማሽ የተላጠውን ድንች እያገላበጠች ታስብ ጀመር። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እኔን ለመርዳት ስትል በደሏን ትፈልግ ነበር።

“አንድ ጊዜ በጥፊ መትቼሻለሁ” አለች። “መኪና ሳታዪ መንገድ ልትሻገሪ ስትሮጪ።”

“እሱ አይሆንም። ሌላ።”

“ፈተና የወደቅሽ ዕለት ተቆጥቼሻለሁ።”

“ተቆጥተሽስ ምን አደረግሽኝ?”

“ከዚያማ አብረን አለቀስን።”

“እማዬ፣ እባክሽ ከበድ ያለ ነገር አስቢ!”

ብዙ አሰበች። “ቀዩን ጫማሽን” አለች በመጨረሻ፣ “ሳልጠይቅሽ ለእህትሽ ሰጥቼብሻለሁ።”

ቀይ ጫማ እንደነበረኝ እንኳ ረስቼዋለሁ። እንደ ምንም ፊቴን አጠቆርኩና “እሱ እኮ ነው ልቤን የሰበረው” አልኳት።

“ጠቦሽ ነበር እኮ ልጄ።”

“ቢሆንም። አሁን ግን ይቅር ብዬሻለሁ።”

“እግዚአብሔር ይስጥልኝ” አለች። ቢላዋዋን አንስታ ወደ ድንቹ ተመለሰች፤ ቀና ሳትል “ሌላም የበደልኩሽ አይጠፋም” አለች። “እየመጣሽ ጠይቂኝ።”

አፈርኩ። የተቀቀለ ድንች በፌስታል አስይዛ ሸኘችኝ፤ አውቶቡስ ውስጥ ፌስታሉን አቅፌ አንገቴን ደፍቼ ነው የሄድኩት። ይሁንና ዕቅዱ ተፈጸመ።

የመጨረሻው እሑድ ደረሰ። ጥሩ ቀሚሴን ለብሼ ሞተር አጠገብ ተቀመጥኩ። ሽማግሌው ብዙ ካርድ ካነበበ በኋላ የእኔን አወጣ። ሦስተኛዋንም አነበበ። ተነሳሁ። በስምንት ዓመት የመጀመሪያዬ ነው። ስለ ልጅነት ቁስል ተናገርኩ፣ ስለ ጠዋት ጸሎት ተናገርኩ፣ እናቴ ፊት ቆሜ ይቅር እንዳልኳት ተናገርኩ። ጫማውን አልጠቀስኩም። እልልታው ቀለጠ፤ አንዲት አሮጊት አለቀሱ። ዝቅ ብዬ ሞተርን አየኋት። አንገቷን ደፍታለች። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ደስ አለኝ።

ከእኔ ሁለት ካርድ አልፎ የእሷ ወጣ። ሽማግሌው አንደኛውን አነበበ። ሁለተኛውን አነበበ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ቆመ፣ መነጽሩን አስተካከለ። ጀርባዬን ላብ አጠመቀኝ።

“እናቴን ይቅር ማለት” አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። “አያችሁ? መንፈስ ቅዱስ ለሁለት እህቶች አንድ ሸክም ሰጠ! ሃሌ ሉያ!”

“ሃሌ ሉያ!” አለ ሕዝቡ። እኔም አልኩ።

ሞተር ግን አልተነሳችም። “ጌታ ያውቃል” አለች፤ የፊት ወንበሮቹ ላይ ያሉት እንኳ የሰሟት አይመስለኝም። የለመንኩትን አገኘሁ። እኔ መስክሬያለሁ፣ እሷ ተቀምጣለች።

ስንወጣ ደረጃው ስር ቆማ ጠበቀችኝ። ክንዴን ያዘችኝ፤ ያ መጋረጃ የሚሸነሽን ጣቷ ቀዝቅዟል።

“እንዴት አድርገሽ ቻልሽው?” አለችኝ።

“ምኑን?”

“እናትሽን። ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። በሯ ድረስ። ሳላንኳኳ እመለሳለሁ። ዳቦ ገዝቼ ልምጣ ብላ ወጣች። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ትንሹ ወንድሜ ጡት አልጣለም። እስኪመሽ በር ላይ ጠበቅናት፣ በማግስቱም ጠበቅናት። አሁን አርጅታለች፣ ሰው እየላከች ትጠራኛለች። ሥራ ካቆምኩ ትዝ ትለኛለች፣ ስለዚህ አላቆምም። ሰው ጎበዝ ይለኛል። አንቺ ምን ብለሽ ጀመርሽ? የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ንገሪኝ። የቀረውን እኔ እወጣዋለሁ።”

ጠበቀችኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ ማንንም ምንም ጠይቃ የማታውቅ ሴት ከእኔ አንድ ቃል ትጠብቃለች። መዋሸት እችል ነበር፤ ምስክርነቱ ገና ከአፌ አልደረቀም። “ጸሎት ነው” ብላት ታምነኝ ነበር። አፌንም ከፍቼ ነበር። ግን በሐሰት ቃል ተማምና በአራተኛው ቅዳሜ ያን በር ስታንኳኳ ታየችኝ።

“ካርዴን ከካርድሽ ነው የገለበጥኩት” አልኳት። “ስትጸልዪ።”

አልገባትም።

“ቀንቼብሽ ነው። አንቺ የጻፍሽው ሁሉ ስለሚሆን። ምን እንደሚል እንኳ ሳላነብ ገለበጥኩት።”

ክንዴን ለቀቀችኝ። እንድትሰድበኝ ጠበቅኩ፤ ብትሰድበኝ በወደድኩ።

“እናትሽ ታዲያ ምን አድርጋሽ ነበር?” አለችኝ።

“ምንም።”

“ትታሽ ሄዳ አታውቅም?”

“አታውቅም።”

“አንድም ቀን?”

“አንድም ቀን። ባለፈው ስሄድ እንኳ ድንች ቀቅላ ነው የሸኘችኝ።”

ሰዎች በአጠገባችን እያለፉ “ተባረኩ እህቶቼ” ይሉናል። ሞተር አትሰማቸውም። ቀሚሴን አየች፣ ጫማዬን አየች፣ ተመልሳ ፊቴን አየች።

“ታድለሽ” አለችኝ። አላሾፈችም፤ ከልቧ ነው። ያን አስተያየት ደህና አድርጌ አውቀዋለሁ፤ ስምንት ዓመት ሙሉ እኔ እሷን ያየኋት በእሱ ነው።