ሩቂያን ያስወጣሁበት በልግ

ባለፈው ሳምንት ነገሌ ላይ ሰማዩ እንደከበደ ዋለ። ግቢዬ ውስጥ ከተከራዩት ሁለት የቢሮ ሠራተኞች አንደኛዋ ወገቧን አሟት ከሥራ ቀርታ ነበር። ጓደኛዋ ለምሳ ስትመጣ እኔ ደጃፍ ላይ ቆም አለችና፣ «አዴ ሐዋ፣ የእሷ ሕመም እኮ ደመና አይቶ ነው የሚነሳው፤ ሥራ ሲበዛ ደግሞ ይብስባታል» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። እንዲያውም ክፉኛ ተቆጣኋት። ምን እንዳስቆጣኝ ሳይገባት አንገቷን ደፍታ ገባች። ከየት ይግባት? ያንን ነገር ከሃምሳ ዓመት በፊት፣ በዚሁ ከተማ፣ ስለ ወንድሜ ሚስት የተናገርኩት እኔ ነበርኩ።

የንጉሡ ዘመን ሊያበቃ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። አባታችን ሞቶ ሱቁን ወንድሜ ሁሴን ይዞታል። ጨርቅ፣ ስኳር፣ ጨውና ሻይ ቅጠል እንሸጣለን፤ ከከብት አርቢዎች ደግሞ ቆዳና የፍየል ሌጦ እየገዛን በጓሮ አድርቀን ወደ ሸዋ በሚወጣ መኪና እንጭናለን። እኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። እናታችን ካረፈች ጀምሮ የቤቱን ቁልፍ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ከዚያ ሁሴን ከተልተሌ ሩቂያን አገባና ቁልፉ ወደ እሷ ሄደ። እውነቱን ከተናገርኩ ጠቡ የተጀመረው ያን ቀን ነው፤ ሕመሟን ገና ሳላውቅ።

ሩቂያ ቶሎ የምትወደድ ሴት አልነበረችም። ቀጭን፣ ረጅም፣ ምላሷ የሚቆርጥ። የሠራሁትን ወጥ እንግዳ ፊት ቀምሳ፣ «ሐዋ፣ ይህን ሳትቀምሺው ነው ያወጣሽው ወይስ ቀምሰሽው?» ያለችኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁም። በበጋ ግን ሥራዋን የሚነቅፍ አይገኝም። ያ ቀይ አቧራ ከተማውን ሸፍኖ፣ ዛፉ ሁሉ ቅጠሉን ጥሎ አጥንቱ ሲቀር፣ እሷ ከሁላችን ቀድማ ትነሳለች። ቆዳውን ትወጥራለች፣ ጨዉን ትወቅጣለች፣ የግመል ወተት ከሚያመጡት ሴቶች ጋር በኦሮምኛ እየተከራከረች ትገዛለች።

አየሩ ሲለወጥ ነው ሌላ ሰው የምትሆነው። ነፋሱ ቆሞ ሙቀቱ ሲታፈን፣ ከአድማስ በኩል ሲጠቁር፣ ጣቶቿ ያብጣሉ፤ ጉልበቷ አልታጠፍ ይላል። በጨርቅ የተጠቀለለ ትኩስ አመድ እጇ ላይ አድርጋ መደቡ ላይ ትቀመጣለች። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ለእኛ ቤት ሥራ የሚበዛው በዚያው ሰዓት ነው። ዝናብ የነካው ቆዳ ይበሰብሳልና መሰብሰብ አለበት። የጨው ጆንያ ከመሬት መነሳት አለበት። ከቆርቆሮው የሚወርደው ውሃ ለሳምንታት የምንጠጣው ስለሆነ በርሜሉ ታጥቦ ከአሸንዳው ሥር መቆም አለበት። ያ ሁሉ በእኔ ላይ ይወድቃል። አንዳንዴም ታምማ ትውልና ጠብታ ሳይወርድ ደመናው ይበተናል። ያን ጊዜ እኔ፣ «ይኸው፣ ዝናብ የለም፤ ሕመሙ ውሸት ነው» እላለሁ። ሰውነቷ ዝናቡን እንዲተነብይልን ማን ቃል አስገባት? ይህን ያሰብኩት ግን አሁን ነው።

ያኔ ለጎረቤት ሴቶች ማውራት ጀመርኩ። «የወንድሜን ሚስት ደመና ስታይ ነው የሚያማት። ሥራ ሲበዛ ደግሞ ይብስባታል።» ሴቶቹ ሳቁ። ሳምንት ሳይሞላ ገበያ ውስጥ «የደመና ሙሽራ» የሚል ስም ወጣላት። ሰማችው። አንድ ቀን ስኳር እየሰፈረች፣ ቀና ሳትል፣ «ስሙን ያወጣሽልኝ አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

«ስምሽን ሥራሽ ነው ያወጣው» አልኳት።

እስከዚያ ቀን አንቱ ነበር የምላት። ከዚያ ወዲህ አንቺ ሆነች። ሁሴን ሰምቶ አልገሠጸኝም። እሱም ገበያ ላይ በሚስቱ መሳቂያ መሆን አንገሽግሾት ነበር።

በዚያው ዓመት በልጉ ዘገየ። ሚያዝያ ገብቶ እንኳ ሰማዩ እየጠቆረ ይመለሳል፤ ሩቂያም ለብዙ ቀናት ከመደቡ አልተነሳችም። አንድ ከሰዓት በኋላ ከሀገረ ማርያም የመጡ ሁለት ነጋዴዎች ከሁሴን ጋር ፊት ለፊት ክፍል ተቀምጠው ነበር። የዚያን ቀን ደመናው የምር ሆነ። ጓሮ የተሰጣውን ቆዳ ብቻዬን እየተሯሯጥኩ አስገባሁ። ስጨርስ ጨዉ ክንዴን አቃጥሎታል፣ የቆዳው ሽታ ፀጉሬ ውስጥ ገብቷል፣ ወገቤ ተቆርጧል። ወደ ማድ ቤት ስገባ ሩቂያ እጇን ጠቅልላ ተቀምጣለች። የእንግዶቹ ሻይ በትልቁ በራድ ፈልቶ ይንተከተካል።

በራዱን አነሳሁና ፊቷ ቆምኩ። «ያዢ። እንግዶቹ እየጠበቁ ነው።»

«አልችልም። ዛሬ ጣቶቼ አይታጠፉም፤ አንቺ ውሰጂላቸው።»

«ያዢ አልኩሽ!»

ጨርቁን ከእጇ ገፍፌ የበራዱን እጀታ መዳፏ ላይ ጫንኩት። ልትይዘው ሞከረች፤ ይህንን መካድ አልችልም። ጣቶቿ እጀታውን አልፈው ቀጥ እንዳሉ ቀሩ። ቆዳቸው ተወጥሮ ያብረቀርቃል፤ መሀለኛው ጣት ከመገጣጠሚያው ላይ አብጦ ጠምሟል። አየሁት። አይቼም ለቀቅኩት።

የፈላው ሻይ እግሯ ላይ ፈሰሰ። አልጮኸችም፤ አየር ወደ ውስጥ ስባ ጥርሷን ነከሰች። ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት የጀመረው በዚያች ቅጽበት ነው። ሁሴን የበራዱን ድምፅ ሰምቶ እየሮጠ መጣ፤ እንግዶቹም ከኋላው በሩ ላይ ቆሙ።

«ምንድን ነው?» አለ።

«ወረወረችብኝ» አልኩ።

ማን እንዳቀበለኝ አላውቅም፤ ቃሉ ሳላስበው ነው የወጣው። ሁሴን ወደ ሩቂያ ዞረ። «እውነት ነው?»

እሷ ያየችው እኔን ነው። «እህትህን ጠይቃት። ጣቶቼን አይታለች።»

«እኔ ምንም አላየሁም» አልኩ። «ሻይ አቅርቢ ብላት በራዱን ወረወረችብኝ።»

የተቃጠለው የእሷ እግር መሆኑን ወንድሜ አላየም ማለት አይቻልም። ላለማየት ግን ፈለገ። እንግዶቹ ቆመው ነበር፤ «የደመና ሙሽራ» የሚለውን ስም እነሱም ሳይሰሙት አይቀሩም። «በቃ። ወደ ቤተሰቦችሽ ትሄጃለሽ» አላት።

በሦስተኛው ቀን በያቤሎ አድርጎ ወደ ተልተሌ የሚሄድ የጭነት መኪና ተገኘ። እግሯ ስለቆሰለ ጫማ ማድረግ አልቻለችም። መንገዱ ጭቃ ሆኖ ነበር፤ አንድ እግሯ ባዶ ሆኖ እያነከሰች ወጣች። ቁልፉን እጄ ላይ አልሰጠችኝም፤ ጨው ጆንያው ላይ አስቀመጠችው። «ሐዋ፣ አላህ እጅሽን ይጠብቅልሽ» ብላኝ ሄደች። ምርቃት ይሁን እርግማን እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ሰው የዘራውን ያጭዳል ይባላል፤ እኔን ግን ይኸው ሰባ ዓመት አልፎኝ ጣቴንም ጉልበቴንም አሞኝ አያውቅም። ብዙ ዝናብ አልፏል፤ እንዲህ ያለውን ሕመም በራሴ ገላ አላወቅሁትም። የማውቀው ያን ቀን ያየሁትን ብቻ ነው።

በልጉ በዚያ ዓመት አብዝቶ ጣለ። ከተማው ዙሪያ ሣሩ ወገብ ደረሰ፣ ወተት ተትረፈረፈ። እኔ ቁልፉን ታጥቄ፣ ቆዳውንም ጆንያውንም በርሜሉንም ብቻዬን ተሸከምኩ። የበጋ ሥራዋ ምን ያህል እንደነበር ያየሁት ከሄደች በኋላ ነው። ሁሴን ፈታትና ሌላ አገባ።

ከአራት ዓመት በኋላ እኔም አግብቼ የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ ወዲህ፣ አላስችል ብሎኝ ለሁሴን እውነቱን ነገርኩት። ጨርቅ እየለካ ነበር። መለኪያውን አስቀመጠ። «አሁን ነው የምትነግሪኝ?» አለ። መለኪያውን መልሶ ሲያነሳ ደግሞ፣ «ለሌላ ሰው እንዳትነግሪ» አለኝ። እሱ እስኪሞት ድረስ ቃሉን ጠበቅሁ፤ መጠበቁም ለእኔ ቀላል ነበር።

አንድ ጊዜ ለለቅሶ ተልተሌ ሄጄ ነበር። በጋ ነው። ሩቂያ መንገድ ዳር አነስተኛ ሻይ ቤት ከፍታለች ብለውኝ ገባሁ።

«አካም፣ ናጋ?» ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኳት።

«ናጋ» አለች። አውቃኛለች። ሻዩን ራሷ ቀዳች፤ አንዲት ጠብታ አላፈሰሰችም።

«እትዬ ሩቂያ፣ ስለዚያ ቀን ላነጋግርዎ ነው የመጣሁት» አልኳት።

ብርጭቆውን ፊቴ አኖረች። «አሁን በጋ ነው። በበጋ ማንም ያምነኛል። ልታነጋግሪኝ ከፈለግሽ ዝናብ ሲመጣ ነይ።»

የሻዩን ሂሳብ ሳትቀበለኝ ወደ ሌሎቹ ደንበኞች ዞረች።

ዝናቡ መጣ፤ እኔ አልሄድኩም። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ልጁ ሕፃን ነው፣ እያልኩ አንድ ወቅት በሌላው ተተካ። ከዓመታት በኋላ መሞቷን ከአንድ ሾፌር ሰማሁ።

ስለ ሩቂያ ለልጆቼ ብዙ ጊዜ አውርቻለሁ። ዛሬም ሲሰባሰቡ፣ በራድ ወርውራ ስለሄደችው ስለ ቁጡዋ የአጎታቸው ሚስት ንገሪን ይሉኛል፤ እኔም እነግራቸዋለሁ፤ እነሱም ይስቃሉ። ለልጅ ልጆቼም ነግረዋቸዋል። ከሁሴን በቀር ከዘመዶቼ እውነቱን የነገርኩት የለም፤ የቀሩት ይህን ሲያነቡ ነው የሚሰሙት።