ስድስት ሰዓት ላይ ሰው የሌለበት ሰፈር

ሹፌሮቹ «ካርታው» ይሉታል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በየቤቱ ዕቃ ሲያደርስ የኖረ ሰው ነውና ስሙ አይበዛበትም። የትኛው በር በጓሮ በኩል እንደሚከፈት፣ የትኛው ውሻ ጮኾ ብቻ እንደሚቀር፣ የትኛዋ ባለሱቅ የጎረቤቶቿን ካርቶን ተቀብላ እንደምታስቀምጥ አብጠርጥሮ ያውቃል። ጠዋት መጋዘን ሲደርስ መጨረሻ የሚወርደውን መጀመሪያ ይጭናል። ዕቃ ፍለጋ ቫኑን ሲያተራምስ ያየው ሰው የለም።

ይህ ሁሉ ዕውቀት ግን የሚያገለግለው ለአንድ ነገር ነበር፤ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ በገዛ ሰፈሩ ለመገኘት። ሚስቱን ስትሮክ ከመታት አራት ዓመት ሆኗል። ግማሽ አካሏ አይታዘዝም፤ ራሷን ማገላበጥ አትችልም። ነርሷ «ከጠዋት እስከ ማታ በአንድ ጎኗ ከተኛች ትቆስላለች፤ ከቆሰለች ደግሞ መዳኑ ቀላል አይደለም» ብላ ቁርጡን ነግራዋለች። ሰው ቀጥረው አይተዋል፤ አንዷ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሌላዋ በአምስተኛው ቀን ጥላ ሄደች። ስለዚህ ካርታው የሰፈሩን ዕቃ ለቀትር ያቆየዋል። ቫኑን ደጁ ላይ ያቆማል፣ ገብቶ ያገላብጣታል፣ በማንኪያ ውሃ ያጠጣታል፣ የዋለበትን ጉድ ሁሉ ያወራላታል፣ ይወጣል። ሃያ አምስት ደቂቃ ነው።

ችግሩ ያ ሃያ አምስት ደቂቃ መዝገብ ላይ የት ይግባ ነው። ድርጅቱ የእያንዳንዷን ደቂቃ መዋያ ይጠይቃል፤ ለምሳ የተፈቀደችው አሥር ደቂቃ ናት፣ እሷም ቫኑ ውስጥ። ካርታው እውነቱን ተናግሮ ፈቃድ አልጠየቀም፤ አንዴ እምቢ ካሉት በኋላ መደበቅ እንደማይቻል ያውቃላ። ስለዚህ ከሰፈሩ አንድ በር ይመርጥና «ስድስት ሰዓት ላይ ሰው የለም፤ ጠብቄ አስረከብኩ» ብሎ ይጽፋል። እንዳይነቃበት ደግሞ ያፈራርቃል፤ ዛሬ የልብስ ሰፊዋን በር፣ ነገ የጸጉር ሠሪዋን፣ ከነገ ወዲያ የጡረተኛውን መምህር። ጡረተኛው መምህር እንኳን ከቤት ሊወጣ ከመስኮቱ ዞር ብሎ አያውቅም።

ከዚያ ኮምፒውተሩ መጣ። ከእንግዲህ መስመር የሚያወጣው እሱ ነው ተባለ። ፕሮግራሙን የምታዘጋጀው ኢንጂነር በዕድሜ ልጁ የምትሆን ትሑት ሴት ናት፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቫኑ ውስጥ አጠገቡ ተቀምጣ እየጠየቀች መዘገበች። ካርታው የክብር ነገር ሆነበትና ያለ ስስት ነገራት፤ አቋራጩን፣ የጓሮ በሩን፣ ውሾቹን ሳይቀር። ስድስት ሰዓት ሲሆን ግን «እዚህ የማውቃቸው ሰዎች ጋ ሽንት ቤት ልግባና ልምጣ» እያለ ቤቱ ይገባ ነበር። ሆዱን የሚያመው ሳይመስላት አልቀረም። በመጨረሻ የአራት ዓመት መዝገቦቹን ስትጠይቀው በኩራት ቆልሎ አስረከባት። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!

አዲሱ መስመር ሲወጣ የካርታው ሰፈር አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ተቀምጧል።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ተሳስቷል» አላት።

«አልተሳሳተም ጋሼ፣ ይዩት» ብላ ስክሪኑን አዞረችለት። ከተማው ሁሉ አረንጓዴ፣ የሱ ሰፈር ብቻ ቀይ ነው። «እዚህ ሰፈር ስድስት ሰዓት ላይ ሰው የለም። እኛም ገርሞን ነበር፤ ግን የሚናገረው የርስዎ መዝገብ ነው፣ እንደርስዎ የጠራ መዝገብ ያለው ሹፌር ደግሞ የለንም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ምን ያደርጋል?»

ካርታው ሆድ ይፍጀው ብሎ ወጣ።

ሁለት ቀን እልህ ይዞት በስድስት ሰዓት ቤቱ ሄደ። መስመሩን የሚከታተለው ስልኩ «ከመስመር ወጥተዋል» እያለ ጮኸ፤ ለሁለቱም ቀን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰው። ሦስተኛው ስንብት ነው፤ ያውም ለጡረታው አሥራ አራት ወር ሲቀረው። ከዚያ ወዲያ እንደታዘዘው ነዳ። በሦስተኛው ሳምንት ሚስቱ ዳሌ ላይ ሳንቲም የምታህል ቅላት ወጣች፤ በአምስተኛው ቆዳው ተከፈተ። ቁስሉን ሲያጥብ «ምን ይመስላል?» ስትለው «ደህና ነው» አላት። የሚረግመው ሰው እንኳ አጣ፤ የጻፈው እጅ የራሱ ነው።

በማግስቱ ለኢንጂነሯ አንድም ሳያስቀር ነገራት። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ምነው ያኔ በነገሩኝ ጋሼ!» አለች። «ለማንም አልተነፍስም። የሐሰቱን መዝገብ አወጣዋለሁ፤ ሰፈሩ ወደ ቀትር ይመለሳል።»

ቃሏን ጠበቀች። ሰኞ ዕለት ቀዩ ጠፋ፤ ሰፈሩ ስድስት ሰዓት ላይ ተመደበ። የተመደበው ግን ለሌላ ሹፌር ነው፤ ቀትር ላይ በዚያ በኩል የሚያልፈው እሱ ነዋ! ካርታው ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ተላከ። አሁንማ በአሥር ሰዓት ተኩልም ሰፈሩን የሚያይበት መንገድ የለም።

«በእጄ ልለውጠው ብል አለቃው ምክንያቱን ይጠይቀኛል» አለች ኢንጂነሯ አንገቷን ደፍታ። ምክንያቱ ደግሞ የአራት ዓመት ውሸት ነው።

ሌላ ከተማ የምትኖረው ልጃቸው የናቷን መቁሰል በስልክ ሰምታ ኖሮ፣ በአየር እየተነፋ ሕመምተኛን የሚያገላብጥ ፍራሽ ገዝታ ላከች። ድንገት ደስ ላሰኛቸው ብላ ለማንም አልተናገረችም። ረቡዕ አመሻሽ ላይ ካርታው ቫኑን ሲያስረክብ፣ ተመላሽ ዕቃ የሚቀመጥበት መደርደሪያ ላይ የገዛ አድራሻውን አነበበ። ካርቶኑ ላይ የተለጠፈው ወረቀት «ስድስት ሰዓት ከሩብ። የበሩ ደወል ሁለት ጊዜ ተደወለ። ሰው የለም» ይላል። ያኛው ሹፌር እውነቱን ነው፤ ደውሏል፣ የከፈተለት የለም።

«የርስዎ መሆኑን አውቃለሁ ጋሼ» አለው መጋዘን ጠባቂው። «ግን ተመላሽ ተብሎ ተመዝግቧል፤ ጠዋት ወደ ላኪው ይሄዳል። ኮምፒውተሩ ሳይለቀው እኔ እጄን አላስገባም።»

ካርታው ባዶ እጁን ቤቱ ገባ። ሚስቱ ጠዋት ባስተኛት ጎን ሆና ትጠብቀዋለች።

«ዛሬ ቀትር ላይ የበሩ ደወል ጮኸ» አለችው በዚያ በሚጎተት አነጋገሯ። «ሁለቴ። ተጣራሁ፤ ድምፄ ግን ከትራሱ አላለፈም። አንተ ነበርክ አይደል?»

ካርታው ጃኬቱን እያወለቀ ወደ ግድግዳው ዞረ።

«አዎ፣ እኔ ነበርኩ። ቁልፉን ረስቼ ነው።»

የሚታዘዘው የፊቷ ግማሽ ፈገግ አለ። ከቆሰለች ወዲህ እንዲህ ደስ ሲላት አይቶ አያውቅም። እጁን ከወገቧ ሥር አስገብቶ በቀስታ ገለበጣት።

«እንግዲያው ነገ ቁልፉን እንዳትረሳ» አለችው።