የትርፊት የአጋም አጥር

ሌሞ ውስጥ የትርፊትን ግቢ የሚያጥረው ቆርቆሮም ሽቦም አይደለም፤ አጋም ነው። ባሏ የሞተ ጊዜ ጅብና የሰው ፍየል እንዳይደፍራት ብላ በገዛ እጇ የተከለችው ቁጥቋጦ ዓመት በዓመት እየሰፋ ሄዶ፣ በጎረቤቷ በፈትሁዲን መተላለፊያ ላይ እሾሁን ዘረጋ። ሰውየው በወጣ በገባ ቁጥር ወይ እጅጌው ወይ ቆዳው ይጫራል።

የልጁ የሱምያ ሠርግ ሲቃረብ ገጀራ ይዞ መጣ።

«ትርፊት፣ ‹ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል› የተባለው ለእኔ ነው። አዲሱን ኮቴን እስቲ ተመልከቺው! ዛሬስ አልምረውም።»

«ፍሬ ተሸክሞ እያየኸው ልትቆርጠው? ሠርግህ ይለፍና እኔው ራሴ እከረክመዋለሁ» አለችው። እያጉረመረመ ተመለሰ።

በሠርጉ ዋዜማ ያልታሰበ ዝናብ ወረደ። ከሆሳዕና ለስላሳ ጭኖ የተነሣው አይሱዙ መንገድ ላይ ጭቃ ዋጠው። ቤቱ ደግሞ ጠላም ጠጅም የማይገባበት ቤት ነው። ፈትሁዲን «እንግዳዬን በውኃ ልሸኝ?» እያለ ራሱን ይዞ ደጁ ላይ ተቀመጠ።

ትርፊት ይህን ስትሰማ የሰፈሩን ሴቶች ጠርታ ሰፌድና ባልዲ አስያዘቻቸው። «ጥቁር ጥቁሩን ብቻ! የቀዩ ወተት አፍ ያጣብቃል» እያለች ከፊት ከፊት ትለቅማለች። እሾሁ ሲወጋቸው እየጮኹ፣ መልሰው እየሳቁ አጥሩን አራቆቱት። ፍሬውን አጥባ ጨመቀችው፤ በንጹሕ ጨርቅ አጥልላ ስኳር በጠበጠችበት።

በማግስቱ የሙሽራው አጎት አንድ ብርጭቆ ጨለጡና፣ ሐምራዊውን ቀለም ልብ ሲሉ ደነገጡ። «ፈትሁዲን! በዚህ ቤት ወይን ትቀዳለህ እንዴ?»

«ወላሂ ወይን አይደለም! አጥር ነው፣ የትርፊት አጥር!»

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። አጎትየውም ብርጭቋቸውን እንደገና ዘረጉ። ከዚያ በኋላ በተነሣው ፎቶ ሁሉ ላይ ከሙሽራዋ በቀር ከንፈሩ ያልጠቆረ ሰው የለም፤ እሷም ለቬሎዋ ስትል በጉጉት የዋለች ናት።

ሱምያ ወደ አዲሱ ቤቷ ወደ ሀቢቾ ስትሄድ ችግኝ ለመነች። ቆፍሮ የነቀለላት አባቷ ነው። እጁ ደም በደም ሆኖ ሲወጣ ትርፊት ሳቋን መያዝ አቃታት።

«ሳቂ» አላት ፈትሁዲን፣ «አሁን ደግሞ አማቼ ያልቅስ።»