ማህጁብ ልጁን ያስጠየቀ ጊዜ

አሶሳ ውስጥ ማህጁብን የማያውቅ ተሳፋሪ ያለ አይመስለኝም። ባጃጁ አሮጌ ናት፣ እሱም ከእሷ አይሻልም፤ ጉልበቱን ያመዋል፣ ወገቡን ያመዋል። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ያለችው አንዲት ልጅ ናት፣ ኢንዓም። እኔ የዝና እባላለሁ፣ ከጎጃም ተመድቤ የመጣሁ አስተማሪ ነኝ፤ የምኖረው እሱ ግቢ ተከራይቼ ነው። ነገር ታበዣለሽ ይሉኛል። ላብዛ! የዚህን ሰውዬ ጉዳይ ግን ዝም ብዬ አላልፍም።

ኢንዓም ለኢድ እጇን ሂና ተቀብታ፣ ግቢያችን ካለው ማንጎ ሥር ስትጨፍር ራሷን ቀረጸችና ሶሻል ሚዲያ ላይ ለቀቀችው። ሳቋ ብቻ ያጠግብ ነበር። መጀመሪያ ጓደኞቿ ልብ ላኩላት። ከዚያ ማን እንዳጋራው እንጃ፣ የማታውቃቸው ሰዎች ተንጋግተው ገቡና በመልኳ ይሳለቁ ጀመር። የት አባታቸው ያውቋታል!

ልጅቷ ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሆነች። በስልኳ ፊቷን እያነጣች ፎቶ መለጠፍ ጀመረች። ቀጥሎ ፊት የሚያነጣ ክሬም ገዛች፤ ጉንጯ ተላጠ። ይኼኔ በሯን ዘጋች። ትምህርት ቀረ፣ ምግቡ በሩ ላይ ይቀመጥላትና ግማሹ ይመለሳል። ማህጁብ ጠዋት ጠዋት በሩን እያንኳኳ ይለምናታል፤ መልስ የለም።

«ድምፁ ናፈቀኝ ቲቸር» አለኝ አንድ ቀን። አማርኛው ሁሉንም ወንድ ያደርጋል። «እቤቴ ነው ያለው፣ ግን ናፈቀኝ።» ከዚያ ሾፌሮቹ የልጅቷን ቪዲዮ የከፈቱለትን ስልክ ሰጠኝ። «አንብብልኝ። ምን ብለው ነው?»

«ይቅርብህ ጋሽ ማህጁብ።»

«አንብብ።»

አነበብኩለት። «መብራት አብሩላት፣ ጥርሷ ብቻ ነው የሚታየው» ይላል። ስንቱ ሰው ከሥሩ ስቋል። ማህጁብ በእጁ ፊቱን ዳበሰ፣ የገዛ ራሱን ፊት። ኢንዓም ቁርጥ አባቷን ናት።

«ይሄ ሰው ልጄን ያውቃል?»

«አያውቃትም።»

«ታዲያ?»

ስንት ተማሪ ዝም የማሰኝ ሴትዮ፣ ስልኩን አጥፍቼ መለስኩለት።

«እሺ» አለ ስልኩን ኪሱ እየከተተ። «ክፉ ሰው ከገባ፣ ደግ ሰውም ይገባል።»

እዚህ ሰፈር ሰው ታመመ ከተባለ እቤቱ የሚቀር የለም፤ ማንጎውን፣ ስኳሩን ይዞ ሄዶ «ያሽርሽ» ይላል። ማህጁብ ያሰበው ይህንኑ ነው። ባጃጅ ተራው ላይ ላሉት ሾፌሮች፣ ለመስጊድ ጎረቤቶቹ፣ ባምባሲ ላሉ ዘመዶቹ ሁሉ «ልጄን አሟታል፣ ስልክ ላይ ገብታችሁ ጠይቁልኝ» ብሎ ለመነ። ለእኔ ትንፍሽ አላለም።

ለማህጁብ ደግሞ እምቢ የሚል የለም። «አላህ ያሽርሽ»፣ «እግዜር ይማርሽ» እያሉ ኮሜንቱን ሞሉት። ደባልቄ የሚባለው ሾፌር ግን ወሬውን በግማሽ ሰምቶ ኖሮ «ነፍስ ይማር፣ አባቷን ያጽናው» ብሎ ጻፈ። ጉድ ፈላ! የኋለኛው የፊተኛውን እያየ ሁሉም ለቅሶ ተቀመጠ። «መብራት አብሩላት» ያለው ሰውዬ እንኳ «እንዴት የምታምር ልጅ ነበረች፣ ያሳዝናል» ብሎ የሚያለቅስ ፊት ለጠፈ። አበስኩ ገበርኩ!

ከሰዓት በኋላ ማህጁብ ባጃጁን ሲያጥብ የክፍሏ በር ተበረገደ። ኢንዓም ወጣች፤ ፀጉሯ ተንጨባሯል፣ ከስታ አጥንቷ ቀርቷል። እርስ በርሳቸው በበርታኛ ነው የሚያወሩት፣ እኔም ኖሬበት እሰማለሁ።

«ባባ! ምን አደረግከኝ? ሞተች አስባልከኝ እኮ! አገር የሳቀብኝ አልበቃ ብሎህ ቀበርከኝ!»

የያዘው ጆግ ከእጁ ወደቀ። ሰውዬው ይቆጣል ስል እንባው ዱብ ዱብ አለ።

«ስደቢኝ» አላት። «ስደቢኝ ልጄ፣ ጨምሪ። ድምፅሽን ልስማው።»

ኢንዓም ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ስልኳ ላይ «የምታምር ልጅ ነበረች» የሚለውን ደግማ አነበበችና፣ ቀስ ብላ፣

«ስሞት ነው እንዴ የማምረው፣ ባባ?» አለችው።

ማህጁብ ጉልበቱን ይዞ እያቃሰተ አጠገቧ ተቀመጠ። እርጥብ እጁን በሱሪው ጠረገ።

«እኔ ስልክ አላውቅም» አላት። «የማውቀው እኔን እንደምትመስዪ ነው። እኔ አስቀያሚ ነኝ?»

ስልኳን ጭኗ ላይ ገለበጠችው። ፊቱን ስታየው፣ ስታየው ቆየች። እጇን ሰድዳ ጉንጩን ዳበሰችው። ወደ ክፍሏም ተመልሳ አልገባችም።